ለልብ የተባለው ዘይት

ከሐዋሳ ተነስቼ ልደታ ወላጆቼ ቤት ስሄድ ቅቤ ሳልይዝ የወጣሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ በኮባ የተጠቀለለ የሲዳማ ቅቤ ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ አባቴ በሩን ከፍቶ ገና ሳይስመኝ ነው የሚያሸተው። አሁን ግን የልቡ ደም ሥር መጥበቡ ተነግሮታል። ሐኪሙ ቅቤ ቀንሱ፣ የወይራ ዘይት ተጠቀሙ ብሎ ከላካቸው ወራት አልፈዋል። እናቴ በስልክ በጠየቅኋት ቁጥር ዘይቱን አንድ ቀን አጉድለው እንደማያውቁ ትምልልኛለች። የደሙ ቅባት ግን በሁለተኛው ምርመራም ንቅንቅ አላለም። ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ስለሚያመው ከቤት መውጣት ትቷል፤ እዚያው ደጁ ላይ ያለችውን ልደታ ማርያምን ከተሳለመ ቆይቷል።

ለቀጣዩ ቀጠሮ አብሬያቸው ልገባ፣ ነገሩንም በዓይኔ ላየው ወሰንኩ። አንድ ትልቅ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ገዝቼ በፎጣ ጠቀለልኩት። ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረኝ የሰማሁት ስላልመሰለኝ ደግሜ ጠየቅሁት፤ ሁለተኛም ያው ነው።

ባለቅቤዋ ጎረቤቴ

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አዲስ አበባ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ ነበሩ። ጉልበታቸው ላይ ቅቤ ታቅፈዋል። ሻሸመኔ ሳንደርስ ሽታው መላ አውቶቡሱን ያዘው፤ እኔም ቁርሴን እንዳልበላ ሰው ራበኝ። የያዝኩትን ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

"ለአባትሽ? ዘይት?" አሉኝ በአዘኔታ። "ምን ቢያስቀይምሽ ነው?"

ስለ ልቡ አስረዳኋቸው። ዝዋይን ስናልፍ ባላቸው የሞቱት በልብ ሕመም እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ቅቤውን ከጉልበታቸው አንስተው እግራቸው ሥር አስቀመጡት።

መቂ ላይ ሻጮች ቲማቲምና ፓፓያ ይዘው መስኮት ሥር መጡ። የኔ ዘይት ብቻውን እንዳይገባ ብዬ ቲማቲም ገዛሁ። ሞጆን አልፈን የፍጥነት መንገዱን ስንይዝ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የቀሰቀሱኝ ሴትዮዋ ናቸው፣ ቃሊቲ። አባትሽን ማርያም ትማርልሽ ብለውኝ ወረዱ።

አራተኛ ፎቅ

ከቃሊቲ ባቡር ያዝኩ። ሰው ስለበዛ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቆምኩ። ሜክሲኮንና ተግባረ እድን አልፈን ልደታ ወረድኩ። ጣቢያው ከፍ ያለ ስለሆነ በሰንጋ ተራ በኩል የሚሠሩት ሕንፃዎች ይታያሉ። የሰንጋ ተራ ልጅ የሆነው አባቴ "ሰንጋው ሄዶ ክሬኑ ቀረ" የሚለው ይህንን ነው።

የወላጆቼ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። ደረጃውን ስወጣ አባዬን እዚህ ጋ ይሆን የሚያመው እያልኩ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ እናቴ እንዲያርፍበት ያስቀመጠችለትን በርጩማ አገኘሁ። አቧራ ጠጥቷል።

አባቴ በሩን ከፍቶ ቦርሳዬን አሸተተ፤ ከዚያ ሳመኝ። ከስቷል። ምሳ ቀረበ፤ ሽሮው ላይ ቅቤው ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፋል። እናቴን ሳያት ትንሽ ናት ብላ ዓይኗን ሰበረች። ጓዳ ስገባ ደግሞ ያገኘሁት ያንን በብርድ የሚረጋውን ዘይት ነው። የወይራ ዘይቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ያገኘሁት ከእራት በኋላ ነው። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። እናቴ ከማርያም ሥዕል ሥር ትንሽ ጠርሙስ አነሳች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ እጆቿን እስኪሞቁ አፋተገች፤ ከዚያ ግራ ደረቱን በዝግታ ታሸው ጀመር።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ዘይቱን ነዋ። ለልብ ጥሩ ነው አላለም ሐኪሙ?"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። እኛ ቤት የወይራ ዘይት ማለት ቅባ ቅዱስ ነው። በትንንሽ ጠርሙስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይገዛል፣ ካህን ይጸልይበታል፣ የታመመ ይቀባል። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬን የቀባችኝ በእሱ ነበር። ሐኪሙ ተጠቀሙ ሲላት ታዲያ ምን ብላ ትጠይቅ? የሚበላ መሆኑን ስነግራት እጇ ደረቱ ላይ ቆመ።

"ቅባ ቅዱስ በሽንኩርት ይጠበሳል እንዴ?" አለች።

አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ ተዪያት፣ እኔ ተስማምቶኛል አለኝ። በኋላ ጓዳ ውስጥ እናቴ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ደረቱን እየፈራ እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ እጇ ሲያርፍበት ግን ይተኛል። እኔ እነዚህን ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንኳ አይቻቸው አላውቅም። ነገ ሐኪሙ ይህንን ሲሰማ ይስቅባቸዋል፣ እነሱም አፍረው ይተዉታል ብዬ ፈራሁ።

ቀጠሮ

በማግስቱ አባቴን በየመዞሪያው እያሳረፍን አወረድነው። ሐኪሙ ፊት ነገሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነበር። አልሳቀም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አላት። "ተጠቀሙ አልኩ እንጂ ብሉት አላልኩም።"

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን። ቅቤና የሚረጋ ዘይት በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ቅባት ይጨምራሉ፤ እሱም በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ እየተጋገረ መንገዱን ያጠባል። የወይራ ዘይት የሚጠቅመው እነሱን ሲተካ ነው፤ በእነሱ ላይ ቢጨመር ፋይዳ የለውም። አቅም ካልፈቀደ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይትም በልኩ ይሆናል። ክኒኑን ግን ምንም አይተካውም። ለአባቴም ቀስ እያለ በየቀኑ እንዲራመድ፣ ሲያመው እንዲቆም፣ አርፎም ካልተወው ሳይውል ሳያድር እንዲመጣ ነገረው። ቤት ዘግቶ መቀመጥ ልብን አያድንም አለው።

ልንወጣ ስንል እናቴ ከበሩ ተመለሰች።

"ደረቱንስ... ልተወው?"

ሐኪሙ አባቴን አየው። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል።

"እሱንማ አይተዉት" አላት።

ሁለት ጠርሙስ

ቤት ስንገባ እናቴ ትንሹን ጠርሙስ ሥዕሉ ሥር መለሰች፤ የኔን ትልቁን ጓዳ አስገባችው፣ ለሌላ ሥራ የተቀጠረ መሆኑ እንዲታወቅ ይመስል ራቅ አድርጋ። እንዲያም ሆኖ ሽሮው ውስጥ ስታንጠባጥበው ይቅር በለኝ እያለች ነበር። እኔም የመቂን ቲማቲም ከቃሪያ ጋር ከትፌ ዘይቱን ከላዩ አፈሰስኩበት። አባቴ ጎርሶ ብዙ አሰበ።

"ሳር ሳር ይላል" አለ።

"የሰንጋ ተራ ሰው አይደለህ? ብላ እንግዲህ" አለችው እናቴ።

ትንፋሹ እስኪያጥር ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ጎረሰ።

ሐዋሳ

ስመለስ አባቴ ካልሸኘሁሽ ብሎ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወረደ። እናቴ በርጩማውን በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠችውና እዚያ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ነው። የሄድኩት የእናቴን ስህተት ላርም ነበር፤ ግማሹ ግን ስህተት አልነበረም። ዘይቱ ድስት ውስጥ መግባት ነበረበት። እጇ ግን መጀመሪያውኑም የነበረው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ። አባቴ እያለከለከ አነሳው። ደነገጥኩ።

"አባዬ! ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም። ልደታን ተሳልመን እየገባን ነው። በርጩማዬ ላይ አረፍ ብያለሁ።"

"እማዬስ?"

"ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ቶሎ እንግባ እያለች ታጣድፈኛለች።"

"ለምን ታጣድፍሃለች?"

ከወዲያ የእናቴ ድምፅ መጣ።

"እጄን ላሙቅለት ነዋ።"