ታምራት ያልተጠራበት ቀብር

ወይዘሮ በላይነሽ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ባህል አዳራሽ አካባቢ እሳቸው ዘንድ ልብስ ያሰፋችሁ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ከዓሣ አስጋሪዎቹ መካከል ቆመው ያያችኋቸው ሁሉ ይህን ሐዘን ሰምታችኋል። ለእኔ አክስቴ ነበሩ፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ስለ እሳቸው መጻፍ ሊያኮራኝ በተገባ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የምጽፈው።

ታምራት የጎረቤታችን ልጅ፣ ጎበዝ ዓሣ አስጋሪ ነበር። በሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላቱ ከተጎዳ በኋላ ቃላት ይጠፉበት፣ ያደረገውንም ይረሳ ጀመር። እናቱ ሲሞቱ ፍርድ ቤት ራሱንና ንብረቱን ማስተዳደር እንደማይችል ወሰነ። ዘመዶቹ በቤቱ ውርስ ይጣሉ ስለነበር ዳኛዋ አክስቴን ሞግዚት አድርገው ሾሙለት።

አክስቴ ቁጡ ነበሩ። የሚጨቀጭቃቸውን ደንበኛ ጨርቁን አስይዘው ይሸኙት ነበር። ታምራት ላይ ግን ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አጎቱ ስፌት ቤቱ ድረስ መጡ። «እትዬ በላይነሽ፣ ለልጁ ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ትበቃዋለች። ትልቁ ቤት ለዘመድ ይሁን» አሉ።

አክስቴ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «ቤቱን የያዝኩት ለእሱ ነው እንጂ ከእሱ ልነጥቅ አይደለም። ይህን ፈቅጄ ዳኛዋ ፊት ምን ብዬ ልቆም ነው?»

ሰውየው ተቆጥተው ወጡ። ታምራት ግን በእናቱ ቤት ኖረ።

ሌላ ጊዜ ጀልባውን የሚገዛ ሰው ተገኘ። እኔም «ከእንግዲህ ምን ይሠራለታል? ይሽጡት» አልኳቸው።

«እሱን ጠየቅሽው?» አሉኝ።

እኔንና ታምራትን አሞራ ገደል ይዘውን ሄዱ። «ታምራት፣ ጀልባህን እንሽጠው ወይስ ይቆይ?» ብለው ጠየቁት። ወደ ጀልባው አየ። ዓሣ ገዢዎች ይጯጯኻሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች የዓሣ ትርፍራፊ ይሻማሉ። በእሱ ፈንታ ልመልስ አፌን ስከፍት አክስቴ እጄን ያዙኝ።

«ይቆይ» አለ በመጨረሻ። «ለማ ይውጣበት።» ለማ የሥራ ጓደኛው ነው። ጀልባው ሳይሸጥ ቀረ፤ ለማም እየወጣበት የታምራትን ድርሻ ያመጣለት ነበር።

ስንመለስ አክስቴ «መልሱ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም» አሉኝ። የሞግዚትነትን ግዴታ ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ የለም።

አክስቴ ያረፉ ዕለት ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ወንድሜ ወደ ጓዳ ጠራኝ። «ታምራት ቀብሩ ላይ ቢጮህስ? ሰው ፊት ያዋርደናል» አለኝ።

«ከቀብር በኋላ ቀስ ብለን እንነግረዋለን» አልኩት። እንዲህ በቀላሉ ወሰንን። እሱ ያን ሰሞን ለማ ዘንድ ነበርና አልሰማም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ከእሱ ቀድሞ በቀብሩ ሰልፍ ላይ መቆም የሚገባው ሰው እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በቀብሩ ማግስት ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ለማ ነግሮት ኖሯል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። አልጮኸም።

«የት ቀበራችኋቸው?» አለኝ።

 ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ሞግዚት ሲሞት ፍርድ ቤት ሌላ ይተካል። ሥራውን ከአክስቴ ተምሬዋለሁ ብዬ እኔው አመለከትኩ። ዳኛዋ ማመልከቻዬን አይተው ወደ ታምራት ዞሩ። «እሷ ሞግዚት ብትሆንህ ምን ትላለህ?»

ብዙ ቆየ። ዳኛዋም አላጣደፉትም።

«አይሆንም» አለ። «ቀብር አልጠራችኝም።»

ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። ዳኛዋ ማንን እንደሚፈልግ ሲጠይቁት «ለማ ይሁን» አለ፤ ለማም ተሾመለት።

አክስቴ፣ ታምራት ደህና ነው፤ በቤቱ አለ። ትናንት ከለማ ጋር መቃብርዎ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁት፤ ለመቅረብ ድፍረቱ አልነበረኝም። ይቅርታ ልጠይቀው በሩን አንኳኩቼ ነበር፤ አልከፈተልኝም። ቢከፍትም ባይከፍትም ምርጫው የራሱ ነው። እርስዎን ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ የበደልኩት እሱን ነውና ይቅርታውም ያለው እሱ ዘንድ ነው። ነገም በሩ ድረስ እሄዳለሁ። እርስዎ ግን ደክመዋልና አሁን ይረፉ።