በትንፋሽ የተባለ «አዎ»

ማክሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ የበረርሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ አቶ ሰይድ ተኝተው ነበር ወይስ አልተኙም? አቶ ሰይድ ስሙን በማልጠቅሰው አነስተኛ የአውሮፕላን ማረፊያ የበረራ ተቆጣጣሪ ናቸው። ለማረፍ የተቃረበ አብራሪ ማኮብኮቢያው ከተሽከርካሪ ነጻ መሆኑን በሬዲዮ ሦስት ጊዜ ጠይቋቸው፣ መልስ ስላላገኘ አውሮፕላኑን መልሶ ወደ ላይ አነሣ። ማንም አልተጎዳም። እሳቸው «መልሻለሁ» ይላሉ፤ በቅጂው ላይ የሚሰማው ግን የመናገሪያው አዝራር ቀጭ ሲል ብቻ ነው። ከሥራ ታግደው ደሴ፣ ቤተሰባቸው ዘንድ ተቀምጠዋል። እኔ የበረራ ደኅንነት መርማሪ ነኝ፤ ሪፖርቴ ወደ ማይክሮፎኑ ይመልሳቸዋል፣ ወይም እስከ መጨረሻው ያሰናብታቸዋል።

ረፋድ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ

ሚኒባሱ ከቆላው ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ በጠመዝማዛው መንገድ እያቃሰተ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ደሴ ሰው አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም፤ ለሥራ ነው።»

«አብሽሪ፣ ሥራም ሰው ያገናኛል» ብለው ሻሻቸውን አስተካክለው አንቀላፉ። ከዚያ በኋላ ያናገረኝ አልነበረም።

ቀትር፣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር

ከአቶ ሰይድ ጋር አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ተገናኘን። ያዘዙልኝን ሳምቡሳ ሳልነካ ደብተሬን ከፈትሁ።

«ወላሂ አልተኛሁም» አሉ።

«ሲመልሱ አዝራሩን ተጭነው ነበር?»

አገጫቸውን ቀና አድርገው አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቡ። እኔም «አዎ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። ድምፅ አልሰማሁም እኮ። አዎ ማለታቸውን ያወቅሁት ፊታቸውን እያየሁ ስለነበር ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጀርባ ለጀርባ እንቀመጥ» አልኋቸው። ወንበሮቻችንን አዞርን።

«ምነው፣ ሳትጋቡ ተኳረፋችሁ?» አለች ሻይ ቀጂዋ። አቶ ሰይድ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልሁ፤ ያየኝ ግን የለም።

«ማኮብኮቢያው ነጻ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጥቂት ጠብቄ «አልሰማሁም» አልሁ።

«መለስሁ እኮ...» አሉ። «ያ ረቢ! ሦስቱንም ጊዜ እንዲህ ነው የመለስሁት።»

በሬዲዮ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲደክመን ግን ሰውነታችን በአገሩ ልማድ ይመልሳል። የሥራው ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ሰሚው በድምፅ ያልደገመው ነገር እንዳልተሰማ ይቆጠራል። ደግሜ ጠየቅኋቸው።

«ማኮብኮቢያው ነጻ ነው» አሉ፤ ሻይ ቀጂዋ እስክትዞር ድረስ ጮክ ብለው።

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

ሪፖርቱን አውሮፕላን ውስጥ ጨረስሁት፦ «አልተኙም። የመለሱት በማይሰማ መልስ ነው። ልምምድ አድርገው ወደ ሥራቸው ይመለሱ።»

ቤቴ ስገባ ሁሉም ነገር ትቼው በሄድሁበት ነበር፤ ብርጭቆዬ እንኳ። ታላቅ እህቴ ደወለች።

«በሰላም ገባሽ?»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ።

«ሄሎ? አለሽ?»

ለስንት ዓመት ስለ ደኅንነቴ ስትጠይቀኝ እንዲህ ስመልስላት እንደኖርሁ አላውቅም።

«አለሁ፣ እትዬ» አልሁ ድምፄን አውጥቼ። «ገብቻለሁ። ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል። ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችኝ።

«ቅዳሜ ትመጫለሽ» ብዬ ደገምሁላት።