አሜን ያለችው የጽዋ እኅቴ

ዛሬ ጠዋት ሰበታ ያለውን ሱቄን ልከፍት ስሄድ ዕቃዬ በረንዳ ላይ ተቆልሎ፣ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁ።

አከራዬ ኦቦ ገመቹ ጋ ደወልኩ።

«አልማዝ ልትለቂ ነው ስትለኝ ለእሷ አከራየሁት እኮ፣ ልጄ» አሉኝ ደንግጠው።

አልማዝ የጽዋ እኅቴ ናት። የልጄም ክርስትና እናት ናት። (አበልጅ መምረጥ እችልበታለሁ።)

ፈርዖንን ከነሠራዊቱ ያሰጠመ አምላክ እኔን መጠበቅ አያቅተውም፤ ይህን አልጠራጠርም። ፈርዖን ግን ከኋላ ነበር የመጣው፤ የእኔዋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

ባለፈው ማኅበር «ከክፉ ሰው ሰውረን» ብዬ ስጸልይ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ አሜን ያለችው እሷ ናት።

የፊታችን ሚካኤል ጽዋው እሷ ቤት ነው። እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ሄዳችሁ ጠጣችሁ?

አምላክ እንደሆነ አሜኗንም ሰምቷል።