ስልሳ ብር ያልኩት ድንጋይ

ይህ የሆነው አስፋልቱ ዳባትን አልፎ ደባርቅ በገባበት ዓመት፣ መስቀል በዋለ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የለበስኩትን ሹራብ ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ አንገቱን ወደ ላይ እየጎተትኩ ፊቴን ልሸሽግበት ስሞክር ስለዋልኩ ነው።

ስድስት ወጣቶች ተደራጅተን ደባርቅ ላይ አንዲት ክፍል ተሰጥታን ነበር። ከዳባት በታች ካሉት ወንዞች የምንለቅመውን ባለቀለም ድንጋይ፣ ገንዘብ ስናገኝም ከወሎ የሚመጣውን ኦፓል የሚባል ዕንቁ በሚሽከረከር መሳያ እየሳልን የአንገት ጌጥ፣ ቀለበትና የጆሮ ጉትቻ እንሠራለን። ያስተማሩን ጋሽ ሙላት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎንደር ላይ ብር ሲያነጥሩ የኖሩ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሽማግሌ።

እኔ ድንጋይ እየሳልኩ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ራሴ የጀመርኩት ነው። በየጌጡ ላይ የሚንጠለጠለውን የዋጋ ካርድ የምጽፈውም እኔ ስለነበርኩ ከስድስታችን ጽሕፈቴን የማያውቅ አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስፈልጋል።

ብርቄ የዳባት ልጅ ናት። ከእኔ ከአራት ወር በኋላ ገብታ በስድስተኛው ወር በለጠችኝ።

እኔ ዋጋ የምቆርጠው የፈረንጁን ጫማ አይቼ ነበር። ወፍራም የተራራ ጫማ ካደረገ አምስት መቶ፣ ያለቀ ሸራ ካደረገ መቶ ሃምሳ። አንድ ቀን ባልና ሚስት የሚመስሉ ፈረንጆች በራችን ላይ ቆሙ። ጫማቸውን አየሁና ለአንድ የአንገት ጌጥ አምስት መቶ አልኳቸው። ሳቁ። አራት መቶ አልኩ። ሦስት መቶ። መቶ ሃምሳ ስል ሴትዮዋ ጌጡን ተጠራጥራ አስቀመጠችው።

ከአጠገቤ ብርቄ የራሷን አሳየቻቸው። «ሁለት መቶ ሰማንያ» አለች። ለምን ብለው ሲጠይቋት በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ በጣቷ እየቆጠረች ነገረቻቸው፤ የሁለት ቀን ሥራ የቀን ሠራተኛ በሚያገኘው ሒሳብ፣ ድንጋዩና የብር ሽቦው፣ ሲበሳ ለተሰበረባት ሌላ ድንጋይ ደግሞ ትንሽ። አንዲት ብር ሳይቀንሱ ከፈሉና አመስግነዋት ሄዱ።

«ጫማቸውን ብታዪው ኖሮ አምስት መቶ ይከፍሉሽ ነበር» አልኳት።

«ጫማቸውን ነው እንዴ ልትሸጥላቸው የነበረው?»

ከመሳያው ኋላ የተቀመጠው ማሩ እየሳቀ ሊወድቅ ደረሰ። ማሩ ለነገር የተፈጠረ ጓደኛችን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትቶ «ጫማው» ይለኝ ጀመር። «ጫማው፣ እስቲ ፒንሳውን አቀብለኝ።»

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከእሷ ላይ አልተነሣም። ብርቄ ሽቦውን ድንጋዩ ላይ ሦስት ጊዜ ታዞርና ጫፉን ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፤ ስለዚህ የእሷ ጌጥ አንገት አይቧጥጥም። የእኔ ይቧጥጣል። ስንት ብርጭቆ ወረቀት እንደምትጨርስ፣ ሻይ ለመጠጣት ስንት ጊዜ እንደምትነሣ አውቃለሁ። አንድ ሳምንት ጉንፋን ይዟት ስትቀር ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ደስ ብሎኛል። በደብተሬም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ካንዱ ወንዝ ተለቅሞ፣ ባንዱ ውሃ ታጥቦ፣
የሷ ዕንቁ ሲባል፣ የኔን ማን ያይ ቀርቦ።

በዚያው ሰሞን ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ቡይት ራስ የሚባል ገደል አፋፍ ያለ አንድ የቱሪስት ሎጅ ለጌጦቻችን የመስተዋት ሣጥን ሰጠን። ከመካከላችን አንድ ሰው ቱሪስት የሚመጣበትን ወቅት ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ይሸጣል፤ ምግብና መኝታ አለው፤ ደመወዝም አለው። ሌሎቹ ለደመወዙ ፈለጉት። እኔ ግን በመስኮቱ ገደሉ የሚታይበት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከየአገሩ የሚመጣ ሰው እያየሁ፣ ስጽፍ ታየኝ። ደግሞም ጠዋት ጠዋት ከአባቴ አፍ የሚወጣውን «ዛሬም ጠጠር ልትፍቅ ነው?» የሚለውን ጥያቄ መሸሽ ፈልጌ ነበር። አባቴ በሬ የሌለው ሥራ ሥራ አይመስለውም። ቡይት ራስ ብሄድ ግን ቢያንስ «ልጄ ደመወዝተኛ ነው» ይል ነበር።

ማን ይሂድ የሚለውን ጋሽ ሙላት በዋጋ እንድንለየው አደረጉ።

«ሰው የወለደውን ልጅ መልክ አይዳኝም» አሉን። «እያንዳንዳችሁ አራት አራት ጌጥ አምጡ። ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። የሌላውን ጌጥ ዋጋ በወረቀት ትጽፉና አጥፋችሁ ባርኔጣዬ ውስጥ ትከታላችሁ። በራሱ ጌጥ ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ባዶ ወረቀት አጥፎ ይከታል። የአራቱ ጌጦቹ ዋጋ የበለጠለት ይሄዳል። አራት ያልሞላለት ይወጣል። የራሱን ዋጋ የጻፈም ይወጣል።»

እኔ ሦስቱን ጨርሼ ነበር። አራተኛውን ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ስበሳው ቀጭ አለና ለሁለት ተሰነጠቀ። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። ስብርባሪውን በእግሬ ገፋ አድርጌ ከጠረጴዛው ሥር ከተትኩት። ሌላ ለመሥራት ሁለት ቀን ያስፈልጋል፤ ሁለት ቀን ደግሞ የለም። ሦስቱን ለጋሽ ሙላት አስረከብኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ አርፍጄ መጣሁ። ብርቄ ከበሩ ላይ «እንዴት አደርክ ወንድም ዓለም፣ ቆየኝማ አንዴ…» ስትለኝ አልፌያት ገባሁ። ሦስት ብቻ ስላስገባሁ መውጣቴን አውቄዋለሁ። ከወጣሁ አይቀር እሷም እንዳትሄድ ማድረግ እችላለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ያኔ የነበረኝ ሐሳብ ይኸው ነው፤ አላሳምረውም።

ሃያ አራት ጌጦች በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል፤ እኔ ግን አልቆጠርኳቸውም። ተራ በተራ እያየን እንጽፋለን። ቀደም ብዬ እንደነገርኳችሁ የብርቄን የሽቦ አዟዟር በጨለማም አውቀዋለሁ። በእሷ ጌጥ ላይ በደረስኩ ቁጥር ዋጋውን ከግማሽ በታች ጻፍኩ።

አሥራ ዘጠነኛው ጌጥ ላይ ስደርስ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቀላ ያለ፣ እንቁላል ቅርጽ ያለው ድንጋይ ነው። ከላይ ወደ ታች ቀጭን ነጭ ሥር እየተጠማዘዘ ይወርድበታል። ሦስት ዙር ሽቦ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ። ከሃያ አራቱ እንደሱ የሚያምር አልነበረም። ይህን ያሳመረችው እሷ መሆኗ ደግሞ አናደደኝ። «60» ብዬ ጻፍኩ። ስልሳ ብር ያኔ ደባርቅ ላይ ድንጋይ ተሸካሚ በቀን የሚያገኘው ነበር።

ወረቀቱ ተሰብስቦ አለቀ። ጋሽ ሙላት መነጽራቸውን አድርገው እየዘረጉ ያነቡ ጀመር። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ እንዲህ አሉ፦

«ባዶ። ሦስት መቶ ሃምሳ። አራት መቶ። ሦስት መቶ ሃያ። ሦስት መቶ ሰማንያ።» ቀጥሎ የመጨረሻዋን ወረቀት ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። «ስልሳ።»

«ስልሳ?» አለ ማሩ። «ማነው ሽቦውን ብቻ የገዛው?»

ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጋሽ ሙላት ግን አልሳቁም። ከኪሳቸው የስም ዝርዝሩን አወጡና አዩት፤ ወረቀቷን አዩ፤ እንደገና ዝርዝሩን። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ይህ ጽሕፈት ያንተ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ጋሽ ሙላት።»

«ታዲያ የገዛ ራስህን ጌጥ ምን ብለህ ዋጋ ጻፍክበት?»

«የኔ አይደለም! የብርቄ ነው። አዟዟሩን አይዩትም?»

«የእሱ ነው» አለች ብርቄ ከኋላዬ፤ ቀስ ብላ።

ዞርኩ። መሬት መሬት እያየች ነበር፤ ጥፋቱ የእሷ የሆነ ይመስል።

ያኔ ነው ድንጋዩን አንስቼ ገልብጬ ያየሁት። በጀርባው ላይ ሐምሌ ውስጥ መሳያው አምልጦኝ የጫርኳት ትንሽ ጭረት አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ስዬው፣ ገና ሳይወለወል ነጩ ሥር ስንጥቅ መስሎኝ፣ ተናድጄ ውዳቂ ከምንጥልበት ቆርቆሮ ውስጥ የወረወርኩት የራሴ ድንጋይ ነው።

በኋላ ስቆጥር የብርቄን አዟዟር ያየሁባቸው ጌጦች አምስት ነበሩ። አራት መሆን ነበረባቸው። ያን ሁሉ ዓይን ይዤ እስከ አምስት መቁጠር አቃተኝ።

ጋሽ ሙላት መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይህን ሕግ ያወጣሁት የራሱን ለሚያስወድድ ሰው ነበር። የራሱን የሚያራክስ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ይፍረዱለት እንጂ ጋሽ ሙላት!» አለ ማሩ። «ድንጋዩ ጫማ ስላላደረገ ነው!»

ክፍሏ በሳቅ ፈረሰች። ሹራቤን ወደ ላይ የጎተትኩት ያኔ ነው።

የእኔን ወረቀቶች ከሁሉም ላይ አውጥተው እንደገና አሰሉ። እነዚያን ከግማሽ በታች የጻፍኳቸውን ሲያወጡ በማን ጌጥ ላይ እንደሆኑ ሁሉም አየ፤ ማሩ ፊቱን ወደ መሳያው አዞረ። ብርቄ አሸነፈች። እኔ በሕጉ ወጣሁ። የእኔ አራት ጌጦች ድምር ስንት እንደነበር ጋሽ ሙላት አላነበቡም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከእሷ ይበልጥ እንደነበርና እንዳልነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ውጭ ድንጋይ የምናጥብበት በርሜል አጠገብ አገኘችኝ።

«ጠዋት ልነግርህ ነበር» አለችኝ። «ሰላምታዬን መቼ ተቀበልከኝና?»

«ማን ስሪልኝ አለሽ?»

«ማንም። ከቆርቆሮው ውስጥ አገኘኋት፤ አሳዘነችኝና አነሣኋት። ለራሴ ላደርጋት ነበር። ትናንት ያንተ ስትሰበር አየሁ።»

«እና በኔ ስም አስገባሻት?»

«ሁለት ቀን ስትስላት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ እኮ። እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸኋት፣ ሽቦ አዞርኩባት፤ ግማሽ ቀን ቢሆን ነው። እጄ ስላለባትም ዋጋ ሳልጽፍ ባዶ ወረቀት ከተትኩ። ታዲያ በማን ስም ትግባ?» ይህን ስትል ለፈረንጆቹ እንደቆጠረችው በጣቷ ትቆጥር ነበር።

በእጄ የያዝኩትን ጌጥ ገልብጬ ጭረቷን በጣቴ ዳሰስኩ።

«ደግሞ ስንጥቅ አይደለም» አለችና ጌጡን ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃን አዞረችው። «ቀረብ ብለህ እየው እስቲ። ሊማሊሞን አይመስልም? ይኸው፣ እዚህ ጋ ይታጠፋል፣ እዚህ ጋ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይወርዳል።»

አየሁት። ሊማሊሞ ነው። ከደባርቅ ቁልቁል እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ፣ ከላይ ሆነው ሲያዩት እንደሚታየው ሆኖ፣ በቀይ ድንጋይ ላይ ተዘርግቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያን መንገድ ሳይ ነው ያደግኩት። ድንጋዩን ሁለት ቀን ሙሉ በእጄ ይዤዋለሁ። ገጣሚ ነኝ የምለው እኔ፣ መንገዱን ያየችው እሷ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ቀንቼ አላውቅም።

ብርቄ ቡይት ራስ ሄደች። ጌጡ በሁለተኛው ሳምንት በሦስት መቶ ሃምሳ ብር ተሸጠ። ሠላሳውን ለግማሽ ቀን ሥራዋ፣ ሃያውን ለሽቦው ቀንሳ፣ ሦስት መቶውን በመኪና ላከችልኝ። ገንዘቡ በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ «የገዛችው አሮጊት ማን ሠራው ብላኝ ስምህን ነግሬያታለሁ» የሚል ጽፋበታለች።

አሁን ዋጋ የምቆርጠው ሥራው በፈጀብኝ ቀን ነው፤ ጫማ አላይም። ጋሽ ሙላት መልሰው የሰጡኝ «60» የምትለዋ ወረቀት በደብተሬ ውስጥ፣ ከዚያች ግጥም ጋር አንድ ገጽ ላይ አለች። ግጥሟን ለብርቄ አላሳየኋትም።

ቅናቱ ለቆኛል ብል ዋሸሁ። ወቅቱ አልቆ ከቡይት ራስ ስትወርድ ወደ ክፍላችን ገባች። አዲስ የሠራሁትን ቀለበት አንስታ ዓይኗ ሥር አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ስንት ቀን?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«ሦስት ነው» አለች። «አንዱን ቀን የት ጣልከው?»

ሦስት ነበር። ካርዱን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ፤ ጆሮዬ እስኪግል ድረስ እየቀናሁ።