ከኦሞራቴ የመጣው አምባዛ

ጂንካ ገበያ አጠገብ ዓሣ ሲጠበስ በሸተተኝ ቁጥር አያቴ ትዝ ይሉኛል። የእናቴ አባት ናቸው፤ ኦሞራቴ የሚኖሩ የዳሰነች ብሔረሰብ ሰው፣ ኦሞ ወንዝ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ክንዴን የሚያህል አምባዛ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ በአይሱዙ ተጭነው ጂንካ ቤታችን ድረስ ሊጠይቁን መጡ።

እናቴ ዓሣውን በዘይት ጠብሳ፣ ሚጥሚጣ ነስንሳ በትልቁ ትሪ አቀረበችው። የአባቴ እህትም በእንግድነት መጥታ ስለነበር አብረን ተቀመጥን። አክስቴ ትሪውን ስታይ አፍንጫዋን ያዘች።

"ዓሣ የሚበላ ከብት ያጣ ሰው ነው" አለች።

አባቴ አቀረቀረ። አያቴ ግን ትልቁን ቁራጭ አንስተው፣ "እውነት ነው፣ ከብቶቼን ድርቅ ጨረሰብኝ። ልጆቼን ያሳደገልኝ ይሄ ዓሣ ነው። አላፍርበትም!" አሉ።

ደሜ ፈላ። ከአክስቴ ጎን ተነስቼ አያቴ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ ትኩሱ ዘይት ጣቶቼን እያቃጠለኝ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ በላሁ። ጣፈጠኝ።

አክስቴ ሻርፗን አንስታ ወጣች። እናቴ እስከ በሩ ሸኘቻትና ድምጿን ሳትቀንስ፣ "እትዬ፣ ነገም የምሠራው ዓሣ ነው" አለቻት።

አክስቴ እስከ ዛሬ ቤታችን ዓሣ ቀምሳ አታውቅም። እኛም እሷ መጣች ብለን መጥበሻውን ደብቀን አናውቅም።