ለሰላምታ የከፈትኩት በር

ነገሩ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ፣ በጥር ወር፣ የሜልቦርን ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት በምትበሳበት ሰሞን ነው። እኔ የቁልፌን ቦታ እንኳ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይሄን ግን መርሳት አቅቶኛል።

የዚያን ቀን ከሥራ እረፍት ስለነበርኩ ከምኖርበት ከሆፐርስ ክሮሲንግ ተነስቼ ኖርዝ ሜልቦርን ሄድኩና መኪናዬን ከመንግሥት የኪራይ ፎቆቹ ፊት ለፊት አቆምኩ። ሞተሩን ሳጠፋ ጋሼ ታደሰ በእግረኛው መንገድ ቀስ እያሉ ሲመጡ አየኋቸው። ሱዳን በስደት ሳለን እንደ አባት የያዙኝ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ቆሞ፣ ቁጭ ብዬ በመስኮት ሰላም የምል አይደለሁም። ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ተነስቼ እጅ ልነሳ በሩን ከፈትኩት። በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ አላየሁም።

በሩ ከእጄ ተነጠቀ። ዘልዬ ስወርድ አንድ ቀጭን ልጅ አስፋልቱ ላይ ተዘርሯል። ብስክሌቱ ወዲያ ተወርውሯል።

አብሮት ይነዳ የነበረ አውስትራሊያዊ ጓደኛው ጮኸብኝ፤ አልፈርድበትም። ልጁ ግን አልጮኸም። ትከሻውን ይዞ "እሁድ፣ እሁድ" ይላል።

"እሁድ ምንድን ነው?" አልኩት ጓደኛውን።

"ውድድሩ ነዋ!" አለኝ።

አምቡላንስ እስኪመጣ ነገረኝ። ልጁ ከቤልጂየም ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቱ። ለፕሮፌሽናል ቡድን የፈረመው ገና ዘንድሮ ነው። አገሩ ብርድ ስለሆነ እዚህ በጋ ላይ ሊወዳደር መጣ። ስፕሪንተር ነው። ሥራው የመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር ላይ፣ ሰው ከሰው ተጣብቆ በሚከንፍበት፣ ቀዳዳ አይቶ መሹለክ ነው።

ጋሼ ታደሰ በባርኔጣቸው ፀሐዩን እየከለሉለት "አይዞህ ልጄ" ይሉታል፣ በአማርኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ምነው፣ እዚያው ሆነህ ብትጠራኝ ምን ነበረበት?"

"እንዴት ቁጭ ብዬ ሰላም እልዎታለሁ፣ ጋሼ?" አልኩ።

በማግስቱ ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። ትከሻው ተሰብሮ ስለታሰረ በአንድ እጁ መላጥ አልቻለም፤ ልጬ አጎረስኩት። "ኖ ዎሪስ" አለኝ፣ ከአውስትራሊያኖቹ የለመዳትን፣ ምንም አይደል እንደማለት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ያው ውድድር ሲመጣ፣ ድኖ ባየው ብዬ ውድድሩ በሚካሄድበት በባሕሩ ዳርቻ ቆሜ ፈለግኩት። የለም። ያንን የጮኸብኝን ጓደኛውን አገኘሁት። ወዲያው አወቀኝ።

"አጥንቱ በደንብ ገጥሟል" አለኝ። "አውሮፓ ተመልሶም ተወዳድሯል። ግን ቀዳዳ ሲያይ ፍሬን ይይዛል። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው፣ ሁልጊዜ። ቡድኑ ውሉን አላደሰለትም። ብስክሌቱን ሸጦታል።"

ብስክሌተኞቹ በፊቴ ተግተልትለው አለፉ።

ሕጉ ቀጥቶኝ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ዛሬ ማንም አይጠይቀኝም። ግጭቱንም በሕልሜ አይቼው አላውቅም። የማየው እሱ በውድድር ላይ፣ ከፊቱ ጭር ያለ መንገድ ተዘርግቶለት፣ ማንም ሳይነካው ፍሬን ሲይዝ ነው። "እለፍ፣ ማንም የለም!" እያልኩ እጮሃለሁ። አይሰማኝም።