እህል የማይመታ በረዶ

አገር ለቅቀን በምንወጣበት ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አባቴ እኔንና ባለቤቴን የሻረግን አስከትለው ወደ ማሳው ወረዱ። ገብሳችን ሊያሸት ሲል በመስከረም በረዶ መትቶት ነበር። ከተጋባን ወዲህ የመጀመሪያው አዝመራችን ነው፤ የሻረግ በእጇ ያረመችው። በረዶው አንድ የዳዊት መዝሙር ተደግሞ እስኪያልቅ እንኳ አልቆየም፤ ያ ሁሉ ገብስ ከብት የሄደበት ጭድ መስሎ ቀረ።

«እዩት» አሉን አባቴ። «ደኅና አድርጋችሁ እዩት። መንገድ ላይ ልባችሁ ወደ ኋላ ሲል ይህን ታስቡታላችሁ።»

የሻረግ አላየችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እኔ ዳግመኛ በረዶ ያለበት አገር አልኖርም፣ አባባ» አለቻቸው።

«የነጮቹ አገርማ ምን በረዶ አለበት፣ ልጄ፤ ሀብታሞች አይደሉም እንዴ» አሉ። ሦስታችንም አመንን።

እኔ ከዳዊት ያላለፍሁ ሰው ነኝ። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ለዚያ ነው። በጃንሆይ ዘመን መንገድ ሊቀይስ እኛ አገር፣ እስቴ፣ የመጣ አንድ የኦስትሪያ መሐንዲስ ነበር፤ በቅሎውን እጠብቅለት፣ ድንኳኑን እተክልለት ነበር። ሥራው አልቆ ሊመለስ ሲል ወንድሙ የእንጨት መሰንጠቂያ እንዳለው ነግሮኝ፣ «ከባለቤትህ ጋር ና፣ አራት ዓመት ሥራ» አለኝ። በረዶው በመታን በሳምንቱ መሆኑ ነው። ገብሱ ቢተርፍ ኖሮ እምቢ እል ነበር።

ከከተማችን ከመካነ ኢየሱስ እስከ ደብረ ታቦር በጭነት መኪና፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአየር። የወረድንበት አገር የወረቀት ሹም ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ ጠየቀኝ፤ መሐንዲሱ አብሮን ስለ ነበር ያስተረጉማል።

«የተወለድህበት ቀን?»

«ገብስ ሲያሸት ነው» አልሁት።

«ወሩ?»

«ከመስቀል በፊት። የአንበጣው ዓመት።»

ሹሙ ብዕሩን አስቀምጦ መሐንዲሱን አየው፣ መሐንዲሱም ጣሪያውን አየ። መጨረሻ ላይ ዬነር አንድ ብሎ ጻፈልኝ፤ ዬነር ማለት የእነሱ ጥር ነው። የሻረግንም ጠየቃት፣ እሷም የእናቷን የምጥ ታሪክ ከመጀመሪያው ስትጀምርለት ቶሎ ብሎ ዬነር አንድ አላት።

«እንግዲህ መንታ ሆንን» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የሻረግ ቀልድ አልወጣትም።

የተከራየነው ቤት የአንዲት አሮጊት ነው፤ እሳቸው ከላይ እኛ ከታች። ሰው ሁሉ ፍራው ማርታ ይላቸዋል። ፍራው በእነሱ ቋንቋ ወይዘሮ ማለት ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ስሰማ «እሱን ሰው ፍራው» የሚሉኝ መስሎኝ ማንን እንደምፈራ ሳጣ ከረምሁ። ኋላ ሳውቃቸው መፈራት ያለባቸው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ጫማ በደጅ ይራገፋል። እሑድ ምስማር አይመታም። ደረጃው ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠባል። «አገርህ ደረጃ አለ?» አሉኝ አንድ ቀን። «የለም፣ አለት ነው ያለው፣ ዝናብ ያጥበዋል» ብላቸው፣ «እዚህ የምታጥበው አንተ ነህ» አሉኝ። እንዲህ ናቸው። ግን የሻረግ ጉንፋን የያዛት ጊዜ የማር ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው ሦስት ቀን የተመላለሱ እሳቸው ናቸው። ንብ ያነቡ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

በገባን በወሩ፣ አንድ ጧት ስንነሣ ደጁ ሁሉ ነጭ ነው። የሻረግ አንድ ጊዜ በመስኮት አየችና መጋረጃውን ሳበችው። ያን መጋረጃ እስከ ፋሲካ አልከፈተችም። እኔ ሥራ ውዬ ስገባ በዚያ ጨለማ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ጎረቤቶቹ በረዶው ሲወርድ ደስ ሲላቸው፣ እርስ በርስ ሲወራወሩበት ትሰማና፣ «እህላቸውን አጥፍቶባቸው ይስቃሉ፤ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ትለኛለች። እህሉ ከበረዶው በፊት እንደሚሰበሰብ ብነግራት አልገባትም። እኛ ለበረዶ አንድ ቃል ነው ያለን፤ እሱም የጥፋት ቃል ነው።

በሁለተኛው ክረምት በረዶው ገና ተራራው ጫፍ ላይ ሲታይ መጋረጃውን ደግማ ሳበችውና እንዲህ አለችኝ፦

«በዚህ ክረምት እንደ አምናው ከሆንሁ፣ ለፋሲካ ወደ አገሬ ስደደኝ። አንተ ዓመትህን ጨርስ። እኔ እዚያው ብራብም ይሻለኛል።»

እሺ አልኋት። ምን እላለሁ? ዓመቴ ገና ሦስት ያህል ይቀረው ነበር። ከሄደች ደግሞ እንደማትመለስ፣ እኔም ብመለስ እንደ ድሮው እንደማንሆን ልቤ ነግሮኛል። እናቷ ከቤተ ልሔም፣ ከጋይንት ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚያዘጋጁ ሴት። ልጄን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገህ መልስልኝ ብለውኝ ነበር። ጎብጣ ልመልሳት ነው እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ።

ይህን ጭንቀቴን በዚያ በተሰባበረ ቋንቋዬ ለፍራው ማርታ ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ሺ» አሉ።

«ሺ ምን?» አልሁ።

«ሺ። ከጾማችሁ በፊት፣ የእኅቴ ቤት ተራራው ላይ ነው፣ አንድ ሳምንት፣ ሦስታችን፣ ሺ።»

ቆጥሬ ቆጥሬ አልደረስሁበትም። ወደ ጓዳ ወስደው ሁለት ረጃጅም ሳንቃ አሳዩኝ፤ ጫፋቸው እንደ በግ ቀንድ ቀና ያለ። ለካ ሺ የሚሉት ይህን እግር ላይ አስሮ በበረዶ ቁልቁል መንሸራተት ነው። እኔ ሞፈር ጠርቤ አውቃለሁ፤ እንጨቱ ደስ አለኝ፣ ነገሩ ግን አስፈራኝ። ቢሆንም ሌላ ምን መላ ነበረኝ? የዚያኑ ሳምንት ለአባቴ ደብዳቤ ጻፍሁ፦ «ፍራው ማርታ በበረዶ ላይ ሺ ሊወስዱን ነውና በጸሎት አስቡን።»

የሻረግ አልሄድም አለች። ዝግጅቱ ግን ተጀመረ። ፍራው ማርታ ከሐኪም ቤት አንድ ወረቀት አመጡ። ጀማሪ ሰው ስድስት ሳምንት አስቀድሞ እግሩን ያጠንክር፣ በየቀኑ ሠላሳ ጊዜ ቁጢጥ እያለ ይነሣ ይላል። እኔ ሳሎን መሐል ቁጢጥ ብድግ ስል የሻረግ ከወንበሯ ታየኛለች።

«ይህማ የስቅለት ስግደት ነው» አለች። «የማንን ኃጢአት ነው የምትሰግደው?»

«የእግሬን።»

«ሠላሳ ብቻ? እኛ ቤተ ልሔም መቶውን ጨርሰን ነበር ወገባችንን የምንይዝ።»

«እስቲ አሳዪኛ።»

አላሳየችኝም። ግን በነጋታው ከሥራ ስመለስ ምንጣፉ መሐሉ ላይ በጉልበት ቅርጽ ተጎድጉዶ አገኘሁት።

ከዚያ ልብስ። ሱፍ ከውስጥ፣ ሱፍ በላዩ፣ ነፋስ የማያስገባ ነገር ከሁሉም በላይ። ፍራው ማርታ የሟች ባላቸውን ሱሪ አሳጥረው ሰጡኝ። ለፊት የሚቀባ ቅባት ሰጡን፤ በረዶው ላይ ፀሐይ ያቃጥላል ብለው ሲነግሩን የሻረግ እኚህ ሴትዮ ምን ይላሉ በሚል ዓይን አየቻቸው። ጥቁር መነጽርም ሰጡን። መነጽሩን፣ ጓንቱን፣ ካልሲውን አልነካችውም፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ከረመ።

ለእኔ የሚሆን ሺ ለመከራየት ከፍራው ማርታ ጋር ወደ አንድ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ፊቴ ቆሞ ክንዴን ወደ ላይ እንድዘረጋ በምልክት አዘዘኝ። ማስማሉ ነው ብዬ ቀኝ እጄን አንሥቼ፣ «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እንጨትህን በደኅና እመልስልሃለሁ» አልሁ፣ በአማርኛ። ለካ ሰውዬው ሳንቃው መዳፌ ድረስ መድረሱን እየለካ ነው።

«ምን ይላል?» አላቸው።

«እየጸለየ ነው» አሉ ፍራው ማርታ። «ይጠቅመዋል።»

ሁለት ዘንግም ሰጠኝ፤ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ። ቤት ይዤ ስገባ የሻረግ አየችውና፣ «ሁለት መቋሚያ ለአንድ ሰው? መርጌታውም አንድ ነው ያላቸው» አለች። ይህችን ስሰማ ልቤ ትንሽ ብድግ አለ፤ ቀልዷ ሊመለስ ነው ብዬ።

እሷ ራሷ የተመለሰችው ግን በሰሙ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍራው ማርታ ሺዎቹን ጓሮ ባለው መጋዘን አጋድመው፣ ከራሳቸው ቀፎ የወጣ ሰም ምድጃ ላይ አቅልጠው ከሥሩ ይቀባሉ፤ እንዲያንሸራትት ነው። እኔ እይዝላቸዋለሁ። እሳቱ ለሰሙ በዝቶ ጢሱ ቤት ገባ። ወዲያው በሩ ተከፈተና የሻረግ በነጠላ ጫማዋ በረዶው ላይ ቆማለች። በረዶው ላይ። ወዴት እንደ ወጣች ራሷም አላወቀችም መሰለኝ።

«ሰሙን ለምን ታቃጥሉታላችሁ?» አለች። «ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ይጣዳል እንዴ?»

ድስቱን ከፍራው ማርታ እጅ ነጥቃ አወረደችው። ትልቅ ድስት ውሃ አስጣደችኝ፣ ሰሙን በትንሽ ድስት ውሃው ውስጥ አስቀመጠች፣ ቀስ እያለ ሲቀልጥ ቆሻሻውን በጨርቅ አጠለለች። ከዚያ በጣቷ ነክታ በእንጨቱ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገችው፤ ስስ፣ ወጥ፣ እንደ ጧፍ። ፍራው ማርታ፣ ማንንም የማያመሰግኑት ሴት፣ መነጽራቸውን አድርገው እንጨቱን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ።

«ማን አስተማራት?» አሉኝ።

«እናቷ። ዓርብ ዓርብ አርብ ገበያ ከተማ ወርደው ሰም ይገዙ ነበር» አልሁ። የሻረግ ሰም የነካ ጣቷን እያሸተተች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እንጨቱን ሠራሁላችሁ» አለች። «ሂዱ። እኔ አልሄድም።»

ልንሄድ ሳምንት ሲቀረን የአባቴ መልስ ደረሰ። በመርጌታ እጅ የተጻፈ ነው፤ የእኔንም ያነበቡላቸው መርጌታ ናቸው። ጮክ ብዬ አነበብሁላት፦

«ለልጄ። ሺ ሰው በበረዶ ላይ ሊነዳ ነው የሚል ደብዳቤህ ቢደርሰን፣ አገሩ ተሰብስቦ ሦስት ቀን ምሕላ ገባን። ለመሆኑ ምን አጠፋችሁ? ከሺው ውስጥ የኛ አገር ሰው ስንት ነው? የሻረግንም አብረው ከነዱ ግፍ ነው፤ ለወረዳው ገዥ እናመለክታለን። ስሙ የሴት ቢሆንም፣ ማርታ የተባለውን ሰውዬ ፍራው ብለሃል። አንተም ፍራው፣ አትገዳደረው።»

ቀና ስል የሻረግ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠጋት፣ ሳቋ ነው። እስኪያስላት ሳቀች። ፍራው ማርታ ከላይ ወርደው ምን ሆነች ሲሉኝ፣ እሳቸው የሺ ሰው ነጂ አስፈሪ ሰውዬ መሆናቸውን በምን ቋንቋ ላስረዳ?

ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «እውነት ሦስት ቀን ምሕላ ገቡ?» አለችኝ።

«መርጌታ ይዋሻሉ?»

«ለእኔ ተብሎ?»

«ስምሽ አለ፣ እዪው።»

«እንግዲያው ሳልሄድ ብቀር ያ ሁሉ ሰው የጾመው በከንቱ ሊቀር ነው» አለች። ተነሥታ ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ካልሲ አንዱን አንሥታ በእግሯ ለካችው።

ለስንቅ ገብስ ቆልታ በፍራው ማርታ የቡና ወፍጮ ፈጭታ በሶ አዘጋጀች። ጋቢዋን ልደርብ ብላ ተከራከረች፤ ይጠልፍሻል ብለው ከለከሏት። መቀነቷን ግን ማንም አላስፈታትም፤ ከሱፉ ሥር ወገቧን ጠምጥማ አሰረች።

ተራራው ላይ የሆነውን አላስረዝመውም። ፍራው ማርታ መጀመሪያ ያስተማሩን አወዳደቅ ነው፤ ያን እኔ ቶሎ ቻልሁት። የሻረግ ከፍራው ማርታ እኅት በተዋሰችው ሺ ሰባት ስምንት እርምጃ ያህል ቀጥ ብላ ተንሸራትታ ሄደች፣ ከእኔ ይልቅ፤ ከዚያ በጎኗ ወደቀች። ስደርስ በረዶው ላይ እንደ ተቀመጠች ናት። አዲስ በረዶ ከላይ እየወረደ ነበር፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ፣ በመነጽሯ ላይ፣ በጓንቷ ላይ።

«ተጎዳሽ?»

«ዝም በል፣ ስማ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አይጮህም እኮ።»

ሰማሁ። እውነትም ምንም ድምፅ የለውም። የኛው ከሩቅ እያጓራ ነው የሚመጣ፤ ይህ ግን መውረዱን ካላየህ መምጣቱንም አታውቅ። ጓንቷን አውልቃ እጇን ዘረጋችለት። መዳፏ ላይ አረፈ፣ ውሃ ሆነ። «ምንም አይመታም» አለች። እዚያው ቁጭ እንዳልን በሶውን በጠበጥነውና ከፍራው ማርታ ጋር ሦስታችን ጠጣን። እሳቸው ፊታቸውን አጨፍግገው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ያን ቀን ለገብስ ያመሰገንሁትን ያህል አመስግኜ አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ የሻረግ መጋረጃውን ከፈተችው። ስለ መሄድ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሷም አላነሣች።

በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት መሐንዲሱ የስልክ ቀጠሮ አስያዘልን። አባቴ ደብረ ታቦር ድረስ ወጥተው ስልክ ቤት ሆነው ሊያናግሩን ነው። ግማሽ ቀን ጠብቀን፣ መጨረሻ ላይ ድምፃቸው እንደ ጉድጓድ ውሃ ከሩቅ መጣ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ስለ ሺው ነገርኋቸው፤ መርጌታ እንዳይሰሙ ብለው ሳቁ። ከዚያ የሻረግ ተቀበለችኝ።

«አባባ፣ እዚህ ያለው በረዶ እህል አይመታም» አለቻቸው። ቀጥላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። «አባባ፣ ይህ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

እኔም ጠጋ ብዬ ሰማሁት፤ የስልክ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ሊበሳ እስኪመስል ይንኳኳል።

«በረዶ ነው፣ ልጄ» አሉ አባቴ። «አይዞሽ፣ ገና እርሻ ላይ ነን። ዘር አልወረደም። ይህም እህል አይመታም።»

ሌላ የምንለው ነገር ብዙ ነበረን፣ ሰዓቱም እያለቀ ነው። ስልኩን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ የሻረግ በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝ።

«ትንሽ ቆይ» አለችኝ። «ልስማው።»